አልፋ ሦስት፣ ቢግ በርታ ወይስ ያገለገለ? የመጀመሪያ ሞዴል ሮኬት ስትገዙ

ሞዴል ሮኬት በትንሽ የባሩድ ሞተር ተወንጭፎ በፓራሹት የሚመለስ፣ ራሳችሁ የምትገጣጥሙት ትንሽ ሮኬት ነው። ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ከፍታ ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሜዳው ነው። የት ነው የምታስወነጭፉት? ስንት ሜትር ይሰፋል? ወጥቶ ዛፍ ላይ የቀረ ሮኬት ከፍታው ለማንም አይጠቅምም።

አሜሪካ ያለ ጀማሪ ከሚያገኛቸው መካከል ሁለቱን እንይ፤ አልፋ ሦስትንና ቢግ በርታን። ሁለቱንም የሚያመርተው ኤስተስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቁሞ በኋላ ኮሎራዶ ውስጥ ፔንሮዝ በምትባል ከተማ የተተከለው ኩባንያ። ሦስተኛ ምርጫም አለ፤ ያገለገለ ገዝቶ ማደስ።

አልፋ ሦስት ትንሽ ናት። 31 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ክብደቷ 34 ግራም ገደማ ነው። ክንፎቿ አንድ ላይ የተሠሩ ፕላስቲክ ስለሆኑ ጠመመ፣ ተንጋደደ የሚባል ጣጣ የለም። ከሰዓት ተጀምራ ማታ ታልቃለች። ትዕግሥት ለሌለው ልጅ ይቺ ናት። ችግሯ ፍጥነቷ ነው። በትልቁ ሞተር እስከ 1,100 ጫማ ትወጣለች፤ 335 ሜትር መሆኑ ነው። እዚያ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ቱቦ በዓይን መከተል ቀላል አይደለም።

ቢግ በርታ በቁመት እጥፏ ናት፤ 61 ሴንቲ ሜትር። ወፍራምና ከበድ ያለች ስለሆነች የምትወጣው 500 ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ገዢ ይህን አይቶ ይተዋታል። እኔ ደግሞ የምመርጣት በዚሁ ምክንያት ነው። ቀስ ብላ ትነሣለች፤ ፓራሹቱ ሲከፈትም፣ ስትወርድም ይታያል። ሥራዋ ግን በዛ ይላል። ክንፎቿ የባልሳ እንጨት ናቸው። ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ አንድ በአንድ ቀጥ አድርጎ በእንጨት ኮላ ማጣበቅ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ አለ። ቀለም ሲጨመርበት ቅዳሜና እሑድን ትበላለች። ቢሰበሩም በዚያው ኮላ ይጠገናሉ።

አሁን ወደ ሜዳው። ሁለቱም 18 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሞተር ነው የሚወስዱት። ሞተሮቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ይለያሉ። ፊደሉ አንድ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ቢ የኤን እጥፍ፣ ሲ የቢን እጥፍ። ቢ6-4 ከተባለ አማካይ ግፊቱ 6 ኒውተን ነው፤ ነዶ ካለቀ ከ4 ሰከንድ በኋላ ፓራሹቱን ያስወጣል። የአሜሪካ ሮኬት ማኅበር የደኅንነት ደንብ ለኤ ሞተር በጠባብ በኩል ቢያንስ 30 ሜትር፣ ለቢ 60፣ ለሲ 120 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ይጠይቃል። መደበኛ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ነው። ስለዚህ ቢ ይችላል፤ ሲ ግን አይችልም። ሰፈራችሁ ያለው ይኸው ሜዳ ብቻ ከሆነ፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን 1,100 ጫማ እርሱት። አልፋን በኤ8-3፣ በርታን በቢ አስወንጭፉ። ክብደታቸው ከ1,500 ግራም በጣም በታች ስለሆነ የፌዴራል አቪዬሽን ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሜዳው ባለቤት ግን ይጠየቃል።

ያገለገለውስ? በርካሽ ይገኛል፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ አልመክርም። እጃቸው ሥራ ለሚወድ ደግሞ ከአዲሱ በላይ ደስ ይላል። ስታዩት መጀመሪያ ቱቦውን ፈትሹ። ከላይ በኩል ከተጨማደደ የተጎዳውን ቆርጦ፣ ከውስጥ ማያያዣ ቱቦ አስገብቶ አዲስ መቀጠል ይቻላል። ሞተር የሚቀመጥበት የውስጥ ቱቦ ከተቃጠለ ወይም ከተነቃነቀ ግን ተዉት፤ እሱን ማውጣት አድካሚ ነው። አፍንጫውን ከአካሉ ጋር የሚያስረው ላስቲክ በዕድሜ ስለሚደርቅ ደህና ቢመስልም ቀይሩት። የተጣበቀ የፕላስቲክ ፓራሹት በቀስታ ተላቆ የሕፃን ፓውደር ከተነሰነሰበት አንዳንዴ ይድናል፤ ካልሆነ አዲስ መግዛት ነው። የድሮ ተለጣፊ ጽሑፎች ካሉ አትፋቁ። ሰብሳቢ የሚፈልገው እነሱን ነው። ሳጥኑ ያልተከፈተ የድሮ ሮኬት ዋጋው ጣራ ሊነካ ይችላል፤ ለማስወንጨፍ ከሆነ የምትፈልጉት ተገጣጥሞ ያለቀውን ግዙ።

ሻጩ «ሞተርም አብሮ አለ» ካለ ግን አትደሰቱ። ጋራዥ ውስጥ ክረምትና በጋ የተፈራረቀበት የባሩድ ሞተር ባሩዱ ከካርቶኑ ሊላቀቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ሲለኮስ ይፈነዳል፤ ያደሳችሁትንም ሮኬት ይዞት ይሄዳል።

ዋጋ ስታወዳድሩ የሳጥኑን ብቻ አትዩ። ሮኬቱ ለብቻው ሲሸጥ ማስወንጨፊያውና ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚለኩሰው መቆጣጠሪያ አብረው አይመጡም። ፓራሹቱን ከእሳት የሚከላከለው ወረቀትም ይገዛል። አልፋ ሦስት ማስወንጨፊያ ካለው ሙሉ ሳጥን ጋር ስለምትሸጥ፣ ምንም ለሌለው ሰው ይሄ ይረክሳል። ቆይታችሁ በርታን ብትገዙ ያው ማስወንጨፊያ ይበቃታል።

ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ፣ ግሪንቤልት ባለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ለብዙ ዓመታት በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሞዴል ሮኬት ሲወነጨፍ ቆይቷል። አሁንም መኖሩን ጠይቃችሁ ሂዱና ሁለቱንም ዓይነት ሲነሡ እዩ።

አዲስ አበባ ላለ የእኅት ልጅ ይዛችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ ደግሞ፣ ሮኬቱ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩ ግን በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። እዚያ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ በርታን ውሰዱለት፤ ቀለሙን ራሱ ይቀባው።