ጅምር ቤት፦ በነሐሴ ጭቃ ወይስ በጥር ፀሐይ?

አዲስ አበባ ዳር ዳሩን ጅምር ቤት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከመስቀል በኋላ ነው። መንገዱ ደርቋል፣ ባጃጅ ይገባል፣ የደላላውም ጫማ አይቆሽሽም። እኔ ግን ቤቱን ሐምሌና ነሐሴ ላይ እዩት ባይ ነኝ። ግንባታው ሌላ ነገር ነው፣ እመጣበታለሁ።

ጥር ላይ ኮዬ ፈጬ ወይም አቃቂ በኩል ብትሄዱ ሁሉም ግቢ አንድ ይመስላል። ነሐሴ ላይ ያው ግቢ ኩሬ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ከላይኛው ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ፣ የጎረቤት ቦይ ውሃውን ማን አጥር ላይ እንደሚለቅ፣ ሲኖትራኩ የት ላይ ተይዞ አሸዋውን ደፍቶ እንደሚመለስ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ እስከ ሳይቱ አሸዋውን የሚያመላልሰው ሰው ነው፣ ሒሳቡም የእናንተ ነው።

በጥር መግዛት ግድ ከሆነ ግድግዳውን ከታች እዩ። የታችኛው የብሎኬት ረድፍ ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ከወጣ ውሃ ሲጠጣ ከርሟል ማለት ነው። አጥሩ ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር ካለም ጎርፉ እስከዚያ ደርሷል። ባለቤቱን ተዉትና ጥግ ላይ ቡና የምታፈላዋን ጠይቁ፤ ክረምቱን እዚያው ነው የከረመችው።

ጥር የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ አፈሩ። የከተማው ደቡብና ምሥራቅ ሰፊው ክፍል ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ብሎኬቱን በደረጃ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ ካያችሁ ልስን አይፈታውም። ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት መሙያ አፈር) ተሞልቶ፣ ተጠቅጥቆ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተቻለ በራሳችሁ መሐንዲስ አረጋግጡ። በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ፣ እንጦጦ ሥርና ቡራዩ በኩል ቀይ አፈሩ እንዲህ አያስቸግርም፣ እዚያ ራስ ምታቱ ዳገቱ ነው፤ የድጋፍ ግንብ ከሌለ ውሃው ከመሠረቱ ሥር አፈሩን እየጠረገ ይሄዳል።

መሠረቱ ብቻ የወጣ ጅምርና ጣሪያ የለበሰ ጅምር የዋጋ ልዩነታቸው ያስደነግጣል። ግን ርካሹ ስንት ክረምት ሜዳ ላይ እንደቆመ ጠይቁ። ከኮለኑ (ከአርማታ ምሰሶው) ጫፍ የወጣውን ፌሮ፣ ብረቱን፣ በእጃችሁ እሹት፤ ቡናማ ዱቄት ብቻ ከሆነ በብሩሽ ይጸዳል፣ ቅርፊት እየሆነ ከተላጠ ግን ፌሮው ቀጥኗል። ጣሪያ የለበሰውን ደግሞ ዝናብ ውስጥ ግቡበትና ቆርቆሮው የት እንደሚያፈስ እዩ። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ተጠራጠሩ፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ወራት ሳይቆይ ያብጥና ይላጣል።

ወደ ግንባታው ስንመጣ በጋ ያሸንፋል፣ ግን በሰፊው አይደለም። በክረምት የመሠረቱ ጉድጓድ ውሃ ይይዛል፣ ወለሉ ይላላል፣ እንደገና መጥረግ ይመጣል። አሸዋው እርጥብ ሆኖ ሳለ ፎርማኑ የለመደውን ባልዲ ውሃ ከጨመረ አርማታው ይቀጥናል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ሲሚንቶ መሬት ላይ ከተደረደረ ድንጋይ ይሆናል፤ ከሥሩ ጣውላ፣ ከላዩ ላስቲክ ያስፈልገዋል። ብዙ የቀን ሠራተኛም ለእርሻ ወደ አገሩ ይገባል።

በጋ ላይ ግን የውሃ ጣጣ አለ። አዲስ ሰፈር ቧንቧ የት አለ? አርማታ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፣ በቦቴ ገዝቶ ማጠጣት ደግሞ ኪስ ይጎዳል፤ ክረምት ላይ ይህን ሰማዩ በነፃ ይሠራዋል። ስለዚህ መሠረቱንና ሶሌታውን (ጠፍጣፋውን የአርማታ ንጣፍ) ከጥቅምት እስከ ጥር፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ መጨረስ፣ ልስንና ቀለሙን ደግሞ ግድግዳው ሲደርቅ መሥራት ነው የሚያዋጣው።

ዋጋው ላይ ነሐሴ ይሻላል። ጭቃውን ረግጦ የሚመጣ ገዢ ጥቂት ስለሆነ ሻጩ ለድርድር ልቡ ክፍት ነው፣ ውሃ የቋጠረውን ግቢ አብራችሁ እያያችሁ ደግሞ «ቦታው ደረቅ ነው» ማለት ይከብደዋል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውል ላይ የአጥር ዙሪያውን ቦይ ማን እንደሚያስቆፍር፣ በምን ቀን እንደሚያስጨርስ በስም አስጽፉ።