ለአጭርና ሰፊ ሰርፍቦርድ የፊን ሳጥን ምርጫ፦ ፊውቸርስ፣ ኤፍሲኤስ 2 ወይስ በሬዚን የሚጣበቅ ፊን?

ቤቱ ውስጥ ሰርፍቦርድ የሚሠራ ሰው ስለ ፊን፣ ማለትም ከቦርዱ ጅራት ሥር ቆሞ ውኃውን ስለሚነክሰው ክንፍ፣ ማሰብ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ፎሙ ከተላገ፣ ጅራቱ ከተቆረጠና ጠርዙ ከተሞረደ በኋላ ነው። ረጅምና ጠባብ ቦርድ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። አጭርና ሰፊ ቦርድ ላይ ግን የጅራቱ ስፋት፣ በዚያ ቦታ ያለው የፎም ውፍረትና የሆዱ (የታችኛው ፊቱ) ቅርጽ የትኛው ፊን እንደሚሠራና የትኛው ሳጥን (ቦርዱ ውስጥ ተቀብሮ ፊኑን የሚይዘው ማቀፊያ) እንደሚገባ ቀድመው ይወስናሉ። ስለዚህ ፊኑ የሚመረጠው መጋዙ ጅራቱን ሳይነካው ነው።

እዚህ የሚመዘኑት ሦስት ናቸው፦ የፊውቸርስ ሳጥን፣ የኤፍሲኤስ 2 ሳጥን፣ እንዲሁም ያለ ሳጥን ከቦርዱ ጋር በፋይበርግላስና በሬዚን (ፈሶ በሚደርቅ ማጣበቂያ) የሚጣበቅ ፊን። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ቦርድ ፊውቸርስን የሚያህል የለም። የሚፈልገውን አስቀድሞ ላወቀና ጅራቱን ሰፊና ጠፍጣፋ ላደረገ ሠሪ በሬዚን የሚጣበቀው ይበልጣል። ኤፍሲኤስ 2 ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለቤት ሥራ ግን ሦስተኛ አደርገዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቦርዱ። አጭርና ሰፊ ስንል ሁለት ቤተሰቦች አሉ። አንዱ ፊሽ ነው፤ ስቲቭ ሊስ እ.ኤ.አ. በ1967 ሳን ዲዬጎ ውስጥ በጉልበት ተንበርክኮ ለመንሸራተት የሠራው፣ ጅራቱ እንደ ዓሣ የተሰነጠቀ፣ ሁለት ፊን ያለው ቦርድ። ሌላው ሚኒ ሲመንስ ይባላል፤ ቦብ ሲመንስ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከሠራቸው ባለ ሁለት ፊን ረጃጅም ቦርዶች ሐሳቡ ተወስዶ ቁመቱ ያጠረ ነው። ፊሽ ቁመቱ 5 ጫማ ከ4 እስከ 5 ጫማ ከ10፣ ስፋቱ 21 ኢንች አካባቢ፣ ውፍረቱ 2 ተኩል ኢንች ቢሆን በደህናው ክልል ውስጥ ነው። ሚኒ ሲመንስ ከ5 እስከ 5 ጫማ ተኩል ቁመት፣ 22 ኢንች ስፋት፣ ከ2 ተኩል ትንሽ የሚያልፍ ውፍረት ይወስዳል።

ዋናው ቁጥር ግን ከጅራቱ ጫፍ 12 ኢንች ወደ ፊት ሲለካ የሚገኘው ስፋት ነው። ፊሽ ላይ 16 ኢንች ገደማ፣ ሚኒ ሲመንስ ላይ 17 ወይም 18 ይሆናል። ሰፊ ጅራት ውኃው ላይ ቶሎ ይነሳል፤ በደካማ ማዕበልም ይፈጥናል። የሚያስከፍለው ዋጋ ፊኖቹ ከመሃል መስመር መራቃቸው ነው። አንዱ ፊን ውኃ ውስጥ ሲነክስ ሌላው ሊወጣ ስለሚችል የነከሰው ብቻውን ሙሉውን ጭነት ይሸከማል። ጅራቱ በሰፋ ቁጥር ፊኑ ትልቅ፣ መሠረቱም ረጅም መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የሚያርፈው ጉልበትም አብሮ ያድጋል።

ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ። ፊውቸርስ አንድ ረጅም ሳጥን ነው፤ የፊኑ እግር 11 ሳ.ሜ. ከግማሽ ገደማ ሆኖ ከላይ ይገባና ከፊት በአንድ ብሎን ይታሰራል። ለቤት ሠሪ ትልቁ ጥቅሙ ካንቱ፣ ማለትም ፊኑ ወደ ውጭ ያዘነበለበት ዲግሪ፣ ያለው ሳጥኑ ላይ ሳይሆን ፊኑ ላይ መሆኑ ነው። ሳጥኑ ከቦርዱ ሆድ ጋር ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ራውተሩን፣ ማለትም ጉድጓዱን የሚቆፍረውን ማሽን፣ ማዘንበል የለም። ካንቱ ካልተስማማ ፊን ይቀየራል እንጂ ቦርድ አይቀደድም። ኤፍሲኤስ 2 ላይ ካንቱ የተወሰነው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሳጥኖቹ በተለያየ ዲግሪ ስለሚመጡ ግራና ቀኙን ሳይቀላቅሉ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ ትክክለኛውን መርጦ መትከል ያስፈልጋል። በምላሹ ፊኑ ያለ መፍቻ በእጅ ተጭኖ ይገባል፤ ይህን ባሕር ዳርቻ ላይ የሚንቀው የለም። ጋራዥ ውስጥ ግን በግምት የተተከለ ሳጥን የሚያመጣውን የዲግሪ ስህተት ያ ምቾት አያካክሰውም።

የፊውቸርስ ሳጥን በሁለት ጥልቀት ይመጣል፦ 19 እና 13 ሚ.ሜ.። እዚህ ላይ ብዙ ቦርድ ይበላሻል። ሰፊ ቦርድ ላይ ፊኑ ከጠርዙ 3 ሳ.ሜ. ገደማ ብቻ ስለሚርቅ፣ በዚያ ቦታ ያለው ፎም መሃሉ ላይ ከተለካው እጅግ ይሳሳል። ጠርዙ ከመጠን በላይ ከተሳለ 19 ሚ.ሜ. ሲቆፈር ከጀርባው በኩል የሚተርፈው ስስ ፎም ነው፤ የኋላ እግር ሲረግጠው ይጎደጉዳል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የፊኑ ቦታ በእርሳስ ተሰምሮ ውፍረቱ በካሊፐር ይለካል፤ ከሳጥኑ ሥር ቢያንስ 1 ሳ.ሜ. ፎም የማይተርፍ ከሆነ 13 ሚ.ሜ. ሳጥን ከነተስማሚ ፊኑ ይገባል፣ አለዚያ ጠርዙ ከመላጉ በፊት ወፈር ተደርጎ ይተዋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አጭር ቦርድ ጅራቱ ላይ ትንሽ ውፍረት ቢኖረው አይጎዳውም።

በአተካከሉም ፊውቸርስና በሬዚን የሚጣበቀው ፊን ይለያያሉ። የፊውቸርስ ሳጥን የፋይበርግላስ ጨርቁ ከመልበሱ በፊት ባዶው ፎም ላይ ይቀመጣል፤ ከንፈሩ ከፋይበርግላሱ ሥር ይቀራልና ጨርቁ ራሱ ይይዘዋል። የሳጥኑ አፍ በፕላስተር ካልታሸገ ሬዚን ይሞላዋል፤ ሬዚን የሞላው ሳጥን ደግሞ የሞተ ሳጥን ነው። ሬዚኑ ከደረቀ በኋላ አፉ በብርጭቆ ወረቀት ይከፈታል፤ እጅ እዚህ ላይ መክበድ የለበትም፣ ምክንያቱም ከንፈሩ ከሳሳ ያ ሁሉ ጥቅም ጠፋ። ከላይ ሞላላ ሆኖ የተቆረጠ ባለ 6 አውንስ ጨርቅ፣ ከሳጥኑ ዙሪያ 4 ሳ.ሜ. ያህል አልፎ ቢደረብ ሰፊ ጅራት ላይ ትርፍ ክብደት አይባልም።

ፎሙ ኢፒኤስ (ነጩና ቀላሉ የፖሊስታይሪን ፎም) ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ፖሊስተር ሬዚን ኢፒኤስን ያቀልጠዋልና ኢፖክሲ ሬዚን ብቻ ነው የሚሠራው። ኢፖክሲም ቢሆን ጉድጓድ ውስጥ ወፍሮ ሲጠራቀም ራሱን ያሞቃል፤ ትኩሳቱ በዙሪያው ያለውን ፎም አቅልጦ ሳጥኑን አየር ላይ ያንጠለጥለዋል። ከላይ ሲታይ ምንም የለውም፤ የሚታወቀው ሳጥኑ መወዛወዝ ሲጀምር ነው። የሚበጀው ጉድጓዱን በስስ ሬዚን መቀባት፣ ከዚያ በተፈጨ የመስታወት ጭረት የወፈረ ጥቂት ሬዚን አድርጎ ሳጥኑን መጫን ነው፤ ቀዳዳው ለሳጥኑ ልክ ከሆነ ብዙ ሬዚን አይፈልግም። ኢፒኤስ በኪዩቢክ ጫማ 1 ፓውንድ የሚመዝነው ለፊን ሳጥን በጣም ለስላሳ ነው፤ 2 ፓውንዱ (በኪዩቢክ ሜትር 32 ኪሎ ግራም ገደማ) ሳጥኑን ይዞ ይቆያል። የኢፖክሲው ድብልቅ 2 ለ1 ነው ሲባል በመጠን ይሁን በክብደት መለያው ላይ ይነበብ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የተዛባ ድብልቅ ደግሞ ለዘላለም ይለሰልሳል።

በሬዚን የሚጣበቀው ፊን ዕቃው ርካሽ፣ ጉልበቱ ውድ ነው። ሰፊና ዝቅ ያለው የኪል ፊን ከ8 እስከ 10 ሚ.ሜ. ውፍረት ካለው ለመርከብ ከሚሆን ኮምፔንሳቶ ይቆረጣል። የውስጥ ፊቱ ጠፍጣፋ ይቀራል፤ የውጭ ፊቱ ከፊት ክብ፣ ከኋላ ስስ እየሆነ ይሞረዳል። የኮምፔንሳቶው ንብርብሮች ሲላጉ የሚወጡት የሙጫ መስመሮች እዚህ ትልቅ ረዳት ናቸው፦ መስመሮቹ ለስላሳ ቅስት ከሠሩ ቅርጹ ተስተካክሏል፣ ከተንጋደዱም ጉብታው የት እንዳለ ያሳያሉ፤ ሁለቱን ፊኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ መስመራቸውን ማመሳሰል ይበቃል። ቦርዱ ጨርቁን ከለበሰ በኋላ፣ የመጨረሻው የሬዚን ሽፋን ሳይፈስ፣ ፊኑ በጥቂት ሬዚን ቆሞ ይደርቃል። ከዚያ ሬዚን የጠጣ የፋይበርግላስ ገመድ በሥሩ ዙሪያ ይተኛል፤ በላዩ በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ወይም አራት ጨርቅ ይደረባል፤ ጨርቆቹ ቦርዱ ላይ 5 ሳ.ሜ. ያህል ይዘረጋሉ። ከሥር አየር ከቀረ እዚያው ይሰነጠቃል። ጫፉ ላይ እንጨቱ ሳይሸፈን ከቀረ ኮምፔንሳቶው ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይላቀቃል።

ውጤቱ ግን የሚያስደስት ነው። የጉልበቱ መተላለፊያ የፊኑ መሠረት በሙሉ ነው፤ የኪል መሠረት 20 ሳ.ሜ. ቢሆን 20 ሳ.ሜ.ውም ይሸከማል። ያንኑ ኪል ሳጥን ላይ ስንተክል መሠረቱ ከሳጥኑ አልፎ ይወጣና ጭነቱ ሁሉ በዚያች 11 ሳ.ሜ. ላይ ይወድቃል። ጉድለቱም ግልጽ ነው። ድንጋይ ሲመታ ፊኑ የቦርዱን ሥጋ ይዞ ይነሳል፣ በጉዞ ቦርሳ ውስጥም አይመችም፤ ከሁሉ በላይ የተሳሳተ ቦታ ላይ ከተተከለ እዚያው ይኖራል።

አቀማመጡስ? ርቀት የሚለካው ከፊኑ የኋላ ጫፍ ነው እንጂ ከሳጥኑ ጫፍ አይደለም። የተሰነጠቀ ጅራት ላይም መነሻው ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው መስመር ነው፤ ከስንጥቁ ሆድ የለካ ሰው ፊኑን 12 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ፊት ይወስደዋል፣ ቦርዱም ጅራቱ ይሸሸዋል። ኪል ከጫፉ 5 እስከ 7 ኢንች፣ ከጠርዙ 1 ኢንች ገደማ ይቆማል፤ ካንቱ ከዜሮ እስከ 4 ዲግሪ፣ ቶው፣ ማለትም የፊቱ ጫፍ ወደ መሃል የጠበበበት ልክ፣ ከ3 ሚ.ሜ. አይበልጥም። ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ረጅም ቅስት የሚሠራ ቦርድ ይሆናል። ቆም ያለውና መሠረቱ አጭር የሆነው የትዊን ፊን 9 ኢንች አካባቢ ወደ ፊት ይወጣል፤ ካንቱ 5 ወይም 6፣ ቶው 4 ሚ.ሜ. ያህል ነው፤ በአጭሩ ይታጠፋል። ማርክ ሪቻርድስ ከ1979 እስከ 1982 አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በትዊን ፊን ቦርድ ነው፤ ሁለት ፊን ለደካማ ማዕበል ብቻ ነው የሚለው ወሬ እዚያ ያበቃል።

በሁለት ፊን ቁልቁለቱ በበረታ ማዕበል ላይ ጅራቱ ይሸሸኛል ብሎ የሚፈራ ሰው 8 ሳ.ሜ. የሚያህል ትንሽ ፊን መሃል ላይ ይጨምር፤ ሳጥኑን ከመነሻው መትከል፣ ባያስፈልግ ባዶውን መተው ይቻላል። አራት ፊን ደግሞ ለሰፊ ጅራት ከሦስት ይሻላል እላለሁ። የፊቶቹ 11 ኢንች አካባቢ፣ የኋላዎቹ 5 ተኩል ኢንች ላይ ከጠርዙ ከ1 ተኩል እስከ 2 ኢንች ገባ ብለው ይቆማሉ፤ ጠርዙ አጠገብ ስለሆኑ ሰፊውን ጅራት ይይዙታል። ሳይመን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ያመጣው፣ የመሃል ፊኑ ከጎኖቹ ጋር በመጠን የሚቀራረበው ሦስትዮሽ ጠባብ ጅራት ላይ ድንቅ ነው፤ 17 ኢንች ጅራት ላይ ግን ቦርዱን ያደነድነዋል፣ ሰፊ ጅራት የተሠራበትን ፍጥነትም ይወስዳል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር ይቀራል፤ የሆዱ ቅርጽ ካንቱን ይለውጣል። ሳጥኑ የሚቆመው በሥሩ ካለው ገጽ አንጻር ነው። ጅራቱ ላይ ሆዱ ከመሃል ወደ ሁለቱ ጠርዞች የሚያዘቀዝቅ የ«ቪ» ቅርጽ ካለው ፊኑ በዚያው ዲግሪ ይበልጥ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ሆዱ ከጎደጎደ በተቃራኒው ይቀናል። በፊውቸርስ ፊን በመቀየር ይታረማል፤ በሬዚን የሚጣበቀው ደግሞ ከመድረቁ በፊት ከቦርዱ መሃል መስመር አንጻር በማዕዘን መለኪያ ይስተካከላል፣ ቦርዱም አግዳሚው ላይ በውኃ ልክ ተደላድሎ መተኛት አለበት። ቶውን ለመፈተሽ ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ በተሰመረው የፊን መስመር ላይ አጋድሞ ወደ አፍንጫው መዘርጋት፣ የሁለቱም ወገን መስመር ከመሃል መስመሩ እኩል ርቀት ላይ ማረፉን ማየት ነው። በሁለቱ መካከል የ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከተገኘ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት መስመሩ ተደልዞ እንደገና ይሰመር።