ለሚጎትት ፒካፕ ተጨማሪ ናፍጣ፦ ትልቅ ታንከር፣ የካሶኒ ታንከር ወይስ ጀሪካን?

ከኅዳር እስከ ጥር ሥራዬ ይኸው ነው። ከደብረ ማርቆስ ቢቸና፣ ከቢቸና ሞጣ፣ አንዳንዴም እስከ አዴት። ሃይሉክሴ የጤፍ መውቂያ ማሽን ከኋላው አስሮ ከአውድማ አውድማ ይዞራል። መኪናው ናፍጣ ይጠጣል፣ ማሽኑም ይጠጣል። ማደያው ግን ሁልጊዜ ናፍጣ የለውም። ሲኖረውም ሰልፉ ግማሽ ቀን ይበላል። ባለ አውድማው ደግሞ ደመና ባየ ቁጥር ይደውላል።

ነዳጅ ለመጨመር ሦስት መንገድ አለ። ሁለቱን ራሴ ሞክሬያለሁ፣ ሦስተኛውን በጓደኛዬ መኪና ላይ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። የሃይሉክስ ታንከር 80 ሊትር ይይዛል፣ የዲማክስ 76። የእኔ መኪና ባዶውን ሲሄድ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። መውቂያውን ሲጎትት ግን 15ን ያልፋል። በአንድ ሙሌት 800 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው መኪና 500 ላይ ይንጠፈጠፋል ማለት ነው። ላንድክሩዘር 79 ፒካፕ ያላችሁ ከፋብሪካው 130 ሊትር ተሰጥቷችኋል። እናንተ ወጪውን ለጎማ አውሉት።

ብዙ ሰው ሊትሩን እንጂ ክብደቱን አይጠይቅም። አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 60 ሊትር ስትጨምሩ 50 ኪሎ ጨመራችሁ። 200 ሊትር በርሜል ከጫናችሁ ናፍጣው ብቻ 170 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ የሚጎተተው ነገር ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን መንጠቆው ላይ ይጥላል። 1,200 ኪሎ ለሚመዝን ማሽን 120 ኪሎ ነው። በርሜሉን ከኋላ በሩ ጋ ካስጠጋችሁት ሁለቱም ሸክም የኋላ አክሰል ላይ ይወድቃል፣ ባሌስትራው ይተኛል፣ አፍንጫው ይነሳል። መሪው ሲቀልላችሁ ደስ እንዳይላችሁ፤ የፊት ጎማው መሬቱን በደንብ አልያዘም። ማታም መብራታችሁ የሰው ዓይን ያሳውራል። ካሶኒ ላይ፣ ማለትም ከኋላ ባለው የጭነት ሳጥን ላይ፣ የሚቀመጥ ነዳጅ ቦታው ከጋቢናው ጀርባ ጥግ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው።

የፋብሪካውን ታንከር፣ መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉትን፣ አውጥቶ በትልቅ መተካት ከሁሉም ንጹሑ ሥራ ነው። አውስትራሊያውያን ለሃይሉክስ 140 ሊትር ገደማ የሚይዝ ይሠራሉ። ክብደቱ ዝቅ ብሎ በሁለቱ አክሰሎች መካከል ይቀመጣል፣ ካሶኒው ነጻ ይሆናል፣ ፖምፓ መክፈትና መዝጋት የለም። ጓደኛዬ እየጎተተ ደብረ ማርቆስ – አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል፤ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገድ ላይ ማደያ አይፈልግም። ችግሩ ዋጋው ነው፤ ዕቃውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ስታዙ የመኪናውን ዓመትና ሞዴል፣ ነጠላ ጋቢና ይሁን ድርብ፣ በትክክል ንገሩ፤ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይገጥምም። ከሥር ምን ያህል እንደሚወርድም ጠይቁ። የገጠር መንገድ ድንጋይ አዲስ ዕቃ ነው ብሎ አይራራም።

ለእኔ ሥራ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ከታንከሩ ናፍጣ ቀድቼ ለመውቂያው ልስጥ ብል በቱቦ በአፌ ልስብ ነው። የናፍጣ ጣዕም ደግሞ ምሳ ያስረሳል።

ስለዚህ የመረጥኩት የካሶኒ ታንከር ነው። አሉሚኒየም፣ 100 ሊትር፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፖምፓ ያለው። ቱቦውን ወደ መኪናው ባዞረው መኪናውን፣ ወደ ማሽኑ ባዞረው ማሽኑን ይሞላል። ስትገዙ ውስጡ ከፋፋይ ላሜራ እንዳለው እዩ። ከሌለው ግማሽ የሆነ ናፍጣ ኩርባ ላይ እየተላተመ መኪናውን ይወዘውዘዋል። የአየር መተንፈሻ ይኑረው። ብሎኑም ካሶኒው ላሜራ ላይ ብቻ ሳይሆን እስከ ሻንሲው ይውረድ። በዚንክ ከተለበጠ ላሜራ የተሠራ አትግዙ፤ ዚንኩ በናፍጣው ውስጥ እየሟሟ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኢንጀክተር ይደፍናል። ቤንዚን ለሚበላ መኪና ይሄን መንገድ ጭራሽ አታስቡት፤ የቤንዚን እንፋሎት በቀዝቃዛ አየርም እሳት ይይዛል።

ርካሽ ብዬ መጀመሪያ የገዛሁት ሌላ ነበር። አንድ ጋራዥ ከአሮጌ በርሜል በይዶ ሰጠኝ፣ ውስጡን አላጸዳውም። ማሽኑን ለጥገና አዲስ አበባ ስወስድ ከደጀን ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ የጎሃ ጽዮንን ዳገት ስጀምር ሞተሩ ትንፋሽ አጠረው። በሁለተኛ ማርሽ እንኳን አልወጣ አለ። በአባይ በረሃ ሙቀት መሬት ላይ ተንበርክኬ ፊልትሮውን ፈታሁና ያለውን በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ገለበጥኩት። ከሥሩ የቡና አተላ የመሰለ ዝገትና የብየዳ ፍርፋሪ ዘቀጠ። በኮመንሬይል ሞተር ናፍጣ ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት በፀጉር ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። ያ አተላ ፊልትሮውን አልፎ ቢሆን ኖሮ የአራት ኢንጀክተር ዋጋ እከፍል ነበር።

ጀሪካንስ? በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚጎትት ሰው ከበቂ በላይ ነው። ሁለት የብረት ጀሪካን 40 ሊትር ይሰጣችኋል፤ እንደ ጭነታችሁ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። የዘይት ቢጫውን ተዉት፣ ክዳኑ ያፈሳል። እስከ አፉም አትሙሉት። ደብረ ማርቆስ በጠዋት ብርድ የሞላችሁት ናፍጣ አባይ በረሃ ሲደርስ ያብጣል፤ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ከጨመረ 100 ሊትሩ 1.6 ሊትር ያህል ያድጋል። ጋቢና ውስጥ አታስገቡት። ማደያው በጀሪካን አልቀዳም ሊላችሁም ይችላል፤ ያን ጊዜ ከመኪናው ታንከር መቅዳት ሊኖርባችሁ ነው።

መኪና ላይ የሚበየድ ወይም የሚቀየር ከሆነ ከሥራው በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ፤ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ከመከራከር ይሻላል።

ረጅም መንገድ እየጎተታችሁ አስፋልት ለአስፋልት የምትሄዱ ከሆነ፣ ገንዘቡም ካለ፣ ትልቁን ታንከር ግዙ። መውቂያ፣ የውኃ ፖምፕ ወይም ጄኔሬተር የምታበሉ ከሆነ የካሶኒውን። የእኔ አሮጌ በርሜል አሁን ግቢ ውስጥ የዝናብ ውኃ እያጠራቀመ ነው፤ ለዚያም ያንጠባጥባል።