ባለ ሁለት ገንዳው የልብስ ማጠቢያ፣ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆች። ከስምንት ወር በፊት ዕቁብ ሲደርሰኝ ባለ ሁለት ገንዳ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛን። ሰባት ኪሎ የሚባለው፣ ሰሚ አውቶማቲክ፤ አንዱ ገንዳ ያጥባል፣ ሌላው ይጨምቃል። ከዚያ ወዲህ የብሎካችን እናቶች ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "እንዴት ነው? ይጠቅማል?" ይሉኛል። ቆሜ የማልጨርሰውን እዚህ ልጻፈው።

ከግዢው ልጀምር። ሻጩ ከመግባታችን ጀምሮ የሚያወራው ከባለቤቴ ጋር ነበር። "ወንድሜ፣ የዚህኛው ሞተር ጠንካራ ነው" ይለዋል። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ከወሩ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። የቤቱን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። ሦስት ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድኩት። ውሃ በእጅ እየተጨመረበት ይሠራል? የቆሻሻ ውሃ ቱቦው ባልዲ ውስጥ ይገባል? ጋቢ ይችላል? እኔ እጠይቃለሁ፣ ሻጩ ለባለቤቴ ይመልሳል። በመጨረሻ ባለቤቴ ራሱ "እሷን አናግራት እንጂ፣ የምትሠራበት እሷ ናት" አለው። ደረሰኙና የዋስትና ወረቀቱ ግን በእሱ ስምና በእሱ ስልክ ተጻፈ። እኔም ዝም አልኩ። መናገር ነበረብኝ።

አሁን ወደ ማሽኑ። እኛ ሰፈር ላለ ሰው ከፉል አውቶማቲክ ይልቅ ይሄኛው ይሻላል፤ ምክንያቱ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣም አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ጉልበት የለውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዚያ ሁለት ሦስቴ ያስላል፣ ከዚያ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ያንን ፉጨት ስሰማ እነሳለሁ። ባለቤቴ ቤት በሆነ ሌሊት እንኳ እሱ አይሰማውም፤ እኔ ግን ከእንቅልፌ ውስጥ እሰማዋለሁ። እኛ ጋ ጭራሽ ካልደረሰ ጀሪካን ይዤ ታች እወርዳለሁ። ፉል አውቶማቲክ ከቧንቧው ራሱ እየሳበ ስለሚሠራ እንዲህ ባለ ቤት ያስቸግራል። ባለ ሁለት ገንዳው ግን ከጀሪካን ሲቀዳለትም ይሠራል። ደግሞ አብዛኛው አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ ባለቤቴና ወንድሙ ሁለት ሆነው ደረጃውን አወጡት። ጫኝና አውራጅ አልጠራንም።

ውሃ ይቆጥባል ብላችሁ ግን እንዳትገዙት። ለክቼዋለሁ። የአምስታችን የሳምንት ልብስ በእጅ ሳጥብ ሰባት ጀሪካን ይፈጅብኝ ነበር፣ አሁን ስድስት። ያውም ነጩን ባጠብኩበት አረፋ ባለ ቀለሙን፣ ቀጥሎ ካልሲውን ስለማጥብበት ነው። ቱቦውን ዝቅ አድርጌ ባልዲ ውስጥ እከተዋለሁ። የማለቅለቂያው ውሃ ለወለልና ለሽንት ቤት ይሆናል።

የዩኒፎርም ኮሌታ አያስለቅቅም። የትልቁ ልጄን ነጭ ሸሚዝ አሁንም ኮሌታውንና እጅጌውን በሳሙና አሽቼ ነው የማስገባው። ለጋቢ ግን የሚደርስበት የለም። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ የጠመዘዘ ያውቀዋል። ድሮ አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ አስሬ ብቻዬን እጠመዝዘው ነበር። ማታ አንጓዬ እያመመኝ ሊጥ ማቡካት ያቅተኝ ነበር። አሁን መጭመቂያው ገንዳ ውስጥ ለሁለት ዙር ይገባል፣ ሲወጣ እርጥበቱ ብቻ ነው የቀረው። ለዚህ ብቻ ብገዛውም አልቆጭም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር አንድ ላይ አትሰኩት። እኛ ቤት ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራ ስጋግር ማሽኑ ይቆማል።

ጊዜን በተመለከተ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ሳፋ ላይ አጎንብሼ የማሳልፈው አሁን የሦስት ሰዓት ሥራ ሆኗል። ግን "ሰሚ" ማለት ግማሹ አንቺ ነሽ ማለት ነው። ውሃ ትጨምሪያለሽ፣ ታፈሺያለሽ፣ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ታዞሪያለሽ። በዚያ መሃል ወጥ እሠራለሁ፣ ትንሿን እመግባለሁ። ማሽኑ በገባ ሳምንት ቡና ላይ አንድ ዘመዳችን "አሁንማ አረፍሽ፣ ከእንግዲህ ምን ሥራ አለሽ!" አሉኝ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ቡናው አልወረደልኝም። ለመሆኑ ከዚያ በፊት የነበረውን ሥራ አይተውት ያውቃሉ?

ይህን ኢኮኖሚክስ ለተማረችው የእህቴ ልጅ ነገርኳት። የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አገሮች የዓመት ምርታቸውን የሚያሰሉበት ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። በዚያ ደንብ መሠረት ለቤት ውሃ ቀድቶ ማምጣት ከምርት ሊቆጠር ይችላል። በዚያው ውሃ ለቤተሰብ ልብስ ማጠብ ግን አይቆጠርም። እስቲ አስቡት። ጀሪካኑን ተሸክሜ አራት ፎቅ ስወጣ አምራች ነኝ። በሩን አልፌ ውሃውን ልብሱ ላይ ስቀዳው ምርትነቱ ቀረ። በ2013 እ.ኤ.አ. የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ፣ ሰው ለገዛ ቤተሰቡ ያለ ክፍያ የሚሠራውም "ሥራ" ተብሎ እንዲጠራ መወሰኑንም ነገረችኝ። እኔ ግን እስካሁን ፎርም ስሞላ "ሥራ" የሚለው ቦታ ላይ "የለኝም" ብዬ ነበር የምጽፈው። ማንም አላዘዘኝም፣ እጄ ለምዶት ነው።

አሁን የጥገና አገልግሎቱን ልንገራችሁ፤ ቅሬታዬም እዚያ ላይ ነው። በአምስተኛው ወር መጭመቂያው ጓ ጓ ማለት ጀመረ። በየትኛው ቀን እንደጀመረ አውቃለሁ፤ የሕፃን ልብስ ያጠብኩ ቀን ነው። ማጠቢያው ገንዳ ደህና ነው፣ ድምፁ ሲጨምቅ ብቻ ነው። ሱቁ ደወልኩ። ልጅቷ ወረቀቱን አየችና "የተመዘገበው በባለቤትሽ ነው፣ እሱ ይደውል" አለችኝ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይነሳል። ይህን በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ፤ "ሲስተሙ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ" አለች። ባለቤቴ ሚሌ ነበር። እኔ ለእሱ ደወልኩ፣ እሱ ለእነሱ ደወለ። እኔ "ሲጨምቅ ይጮኻል" ያልኩት እነሱ ጋ ሲደርስ "አይሠራም" ሆነ። አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ቴክኒሻን መጣ፤ ያመጣው ዕቃ ለማጠቢያው ገንዳ የሚሆን ነበር። እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት ወደ ሳፋዬ ተመለስኩ።

ቴክኒሻኑ ወጣት ልጅ ነው። መጀመሪያ "ባለቤትሽ የሉም?" አለኝ። የሉም አልኩት። ከዚያ መፍቻውን ሲያወጣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ስማኝ" አልኩት። ቆመ። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ሳጥብ እንደጀመረ፣ የትኛው ጎን እንደሚንቀጠቀጥ ሁሉንም ነገርኩት። አልቸኮለም፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ያመጣውን ዕቃ ወደ ቦርሳው መለሰና መጭመቂያውን ፈታ። ከሥሩ በሽቦ ጎትቶ የትንሿን ልጄን ካልሲ አወጣ። የአውራ ጣቴን እንኳ አታህልም፣ ጠቁራ ተጠቅልላለች። ልብሱ ላይ የሚጫነውን ክብ ፕላስቲክ ክዳን ሳላደርግ ጨምቄ ኖሮ በጎን ሾልካ ገብታለች። ክዳኑን አደራ፣ በተለይ የሕፃን ልብስ ካላችሁ።

ሊሄድ ሲል የዋስትና ወረቀቱን አስፈረመኝ። እስኪርቢቶውን ተቀብዬ "ስልኩን ቀይርልኝ፣ የእኔን ጻፍበት" አልኩት። የድሮውን ሰርዞ የእኔን ጻፈ። "ስምስ?" አለኝ። በብሎካችን በትልቁ ልጄ ስም፣ የእሱ እናት እየተባልኩ ነው የምጠራው። ስሜን እስከ አያቴ ነገርኩት፤ ጽፎ እስኪጨርስም አጠገቡ ቆሜ አየሁ።