ጭልፊት «ከነፈቃዱ» እንሸጣለን ለሚሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ በተለይም ልጆቻችሁ በአዳኝ ወፎች ፍቅር ለተያዙባችሁ ወላጆች ነው። የ16 ዓመቱ ልጄ በትምህርት ቤቱ የጭልፊት ትርኢት ካየበት ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም። በኢንተርኔት ያገኘነው አንድ ሻጭ ሃሪስ ሆክ የሚባለውን ጭልፊት «ከነሙሉ ወረቀቱ» በ1,500 ዶላር እንደሚሸጥልን ነገረን፤ እኔም 600 ዶላር ቀብድ ላክሁ። አገር ቤት ያሉት እናቴ ጉዳዩን በስልክ ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ፤ ጫጩት እንዳይነጥቅባቸው ዕድሜ ልካቸውን በድንጋይ ሲያባርሩት የኖሩትን ወፍ ልጃቸው በዶላር ሊገዛው ነውና።

የተታለልሁት «ወረቀት» በሚለው ቃል ነው። ሻጩ የላከልኝ ኮፒ ለራሱ የተሰጠ የማራቢያ ፈቃድ ሲሆን፣ እኔ ግን ልክ እንደ መኪና ሊብሬ ወደ ስሜ የሚዞር መስሎኝ ነበር። ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለወፍ አይደለም። በአሜሪካ ጭልፊት፣ ንስርና ጉጉት በ1918 የወጣው፣ በኋላም በ1972 አዳኝ ወፎችን እንዲያካትት የተደረገው የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ ጥበቃ የሚያደርግላቸው ወፎች ናቸው። እነዚህን ወፎች እንደ ድመት ወይም እንደ በቀቀን ለቤት ማድመቂያ ማቆየት አይቻልም። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ያለው መንገድ በጭልፊት የማደን ፈቃድ ማውጣት ብቻ ነው፤ ይህንንም ፈቃድ ከ2014 ወዲህ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን ስቴቱ ነው። በቨርጂኒያ የዱር እንስሳት ሀብት መምሪያ፣ በሜሪላንድ ደግሞ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ጋር መደወል ይቻላል። እኔ የደወልሁት ቀብዱን ከከፈልሁ በኋላ ነበር።

የመምሪያው ሠራተኛ በትዕግሥት አስረዱኝ። አመልካቹ ቢያንስ 12 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ 18 ዓመት ካልሞላው ማመልከቻው ላይ ወላጅ ይፈርማል፣ በሕግ ተጠያቂ የሚሆነውም ያው ወላጅ ነው። ከዚያም የጽሑፍ ፈተና ተፈትኖ ቢያንስ 80 ከመቶ ማምጣት፣ በመካከለኛው የፈቃድ ደረጃ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራ ልምድ ያለው ሰው ሊያሠለጥነው መስማማቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ማቅረብ፣ እንዲሁም የወፏን ቤት አስቀድሞ ማስመርመር ይጠበቅበታል። ይህን ሁሉ አልፎም ጀማሪ ከአንድ ወፍ በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። ሻጩ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አላነሳልኝም። ወፍ የተረከበ ሰው በ10 ቀናት ውስጥ 3-186ኤ በተባለው ቅጽ ማሳወቅ እንዳለበት ስጠይቀው «እሱን በኋላ እንሞላዋለን» ብሎ አለፈው። ሕጉን የጣሰ ሰው እስከ 15,000 ዶላር ሊቀጣና እስከ ስድስት ወር ሊታሰር እንደሚችል ያነበብሁት በዚያው ሳምንት ነው።

ወፏን ለማየት የሄድን ዕለት ልጄ ዓይን ዓይኗን ሲያይ እኔ እግሯን አየሁ። በሁለቱም እግሮቿ ላይ የቆዳ ማሰሪያ ነበራት፤ በአንደኛው ደግሞ ቁጥር ያለበት ቀለበት ነበር፤ ነገር ግን ቀለበቱ በአንድ በኩል ተቆርጦ በፒንሳ የተጨመቀ ይመስል ነበር፤ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅም ነበረው። በእርባታ የተፈለፈለች ወፍ የምታደርገው ቀለበት መገጣጠሚያ የለውም፤ ገና ጫጩት ሳለች፣ እግሯ ሳይወፍር ስለሚጠለቅላት ካደገች በኋላ ሊገባ አይችልም። ከዱር ለተያዘች ወፍ የሚደረገው ምልክት ሌላ ዓይነት ነው፤ ከዱር የተያዘች ወፍ ደግሞ ፈቃድ ባለው ሰው እጅ ብትሆን እንኳ በገንዘብ አትሸጥም። ስንጥቁን ለሻጩ ባሳየው «የፋብሪካ ስህተት ነው» አለኝ። ወፏ ከዱር የተያዘች ናት ብዬ መማል አልችልም፤ በእርባታ መፈልፈሏን የሚያረጋግጥ ነገር ግን አላየሁም።

ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ የሰፈሩ ሕግ ይቀራል፤ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህንን ነው። የስቴቱ ፈቃድ የካውንቲውን የዞኒንግ ደንብ አይሽርም፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን፣ ማለትም የኤችኦኤውን ውልም አያፈርስም። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቁ መጥተው ወፏንና ቤቷን እንዲያዩ የምትስማሙበትን ጽሑፍ አከራያችሁም መፈረም አለበት፤ የትኛው አከራይ በደስታ እንደሚፈርም እናንተው ገምቱ። እኔ የምኖረው በታውንሃውስ ውስጥ ነው። በጓሮዬ ሁለት ሜትር ከሁለት ሜትር ተኩል የሆነ የእንጨት ቤት ለመሥራት ማኅበሩን ብጠይቅ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ከለከሉኝ፤ የጠቀሱትም ዶሮና «ማናቸውንም ሌላ ወፍ» በጓሮ ማኖርን የሚከለክለውን አንቀጽ ነው። ዶሮና ጭልፊት በአንድ አንቀጽ ሲታገዱ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባለቤቴ በበኩሏ ደብዳቤውን አንብባ እፎይ አለች፤ ለወፏ ቀለብ የሚሆኑትን የበረዱ ጫጩቶች ከበርበሬውና ከቅቤው ጎን ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ አልዋጥ ብሏት ነበርና።

ስለዚህ በመጀመሪያ የኤችኦኤውን ወይም የአከራዩን መልስ በጽሑፍ ያዙ፤ ቀጥሎ ካውንቲውን፣ ከዚያም ስቴቱን ጠይቁ። ሻጭ ማነጋገር የመጨረሻው ሥራችሁ ይሁን። እውነተኛ አርቢ ገና ከጅምሩ የእናንተን ፈቃድ ቁጥር ይጠይቃል፤ ፈቃድ ለሌለው ሰው መሸጥ እሱንም ያስጠይቀዋልና። ፈቃዳችሁን ሳይጠይቅ ቀብድ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

ቀብዱን በስልክ በቀጥታ ስላስተላለፍሁት ባንኬ ሊያስመልስልኝ አልቻለም፤ ሻጩም «ቀብድ አይመለስም» ከሚል አንድ መልእክት በኋላ ስልክ ማንሳት አቁሟል። ልጄ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ፈቃድ ካላቸው አንድ አዳኝ ዘንድ እየሄደ የወፍ ቤት ያጸዳል፤ ለፈተናውም እየተዘጋጀ ነው።