"ዋናው ፋይል የታለ?" ላለችኝ ባለሙያ ምስጋና

ዛሬ አንዲት የቪዲዮ ኤዲተር ላመሰግን ነው። ስሜን አትጻፍ ስላለችኝ አልጽፈውም። የሚፈልጋት ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፤ አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ።

የእናታችንን 80ኛ ዓመት ልደት ቀርጸን ነበር። እናቴ ከስልክ ጋር አትግባባም። ዲስክ ከትቶ አንድ ቁልፍ መጫን ግን ታውቅበታለች። ስለዚህ ዲቪዲ ይሁንላት አልን። መጀመሪያ የሰጠሁት ሰው የ3 ሰዓቱን ቀረጻ 3 ጊጋባይት ኤምፒ4 አድርጎ መለሰልኝ። ዲስኩ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ታዲያ ምን ችግር አለው ብዬ ራሴው ገለበጥኩበት። የእናቴ ማጫወቻ አሽከረከረ፣ አሽከረከረና ተፋው።

ሰውየው "ቀላል ነው" ብሎ ከዚያው ፋይል ሌላ ዲስክ ሠራልኝ። ይሄኛው እንኳን ተጫወተ። ግን ሻማው ጠፍቶ ክፍሉ ሲጨልም የእናቴ ፊት ትንንሽ ካሬ ሆኖ ተበተነ። ስታጨበጭብማ እጅ የሚባል ነገር የለም። "ይቺ እኔ ነኝ?" አለች። አፈርኩ።

ኤዲተሯ ዘንድ ስሄድ ዲስኩን ለ10 ሰከንድ ያህል አይታ፣ "ጋሼ፣ ዋናው ፋይል የታለ? ካሜራው ላይ የነበረው?" አለችኝ። ደግነቱ ካርዱን አላጠፋሁትም ነበር።

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ኤምፒ4 ሳጥን ነው፣ ኤቪአይም፣ ሞቭም ሳጥን ነው። ዋናው ጉዳይ ውስጡ ያለው ምስል የተጨመቀበት ዘዴ፣ ማለትም ኮዴኩ ነው። የዲቪዲ ማጫወቻ የሚጠብቀው ኤምፔግ 2 የተባለውን ነው፤ ያውም መጠኑ 720 በ576 ወይም 720 በ480 ሆኖ። ድምፁም 48 ኪሎኸርዝ መሆን አለበት። የኔ ፋይል ግን የተጨመቀው ኤች 264 በተባለ ሌላ ኮዴክ ነበር። ኤምፔግ 2 የቆየ ዘዴ ስለሆነ ለተመሳሳይ ጥራት የበለጠ ቦታ ይበላል። "3 ጊጋ ስለሆነ ይገባል" ያልኩት ሒሳብ ከመነሻው ስህተት ነበር ማለት ነው።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራችልኝ። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 4.7 ጊጋባይት ወደ 37,600 ሜጋቢት ነው። 3 ሰዓት 10,800 ሰከንድ ነው። ሲካፈል፣ ድምፁን ጨምሮ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 3.5 ሜጋቢት አይሞላም። የዲቪዲ ደረጃ ግን ለምስሉ ብቻ በሰከንድ እስከ 9.8 ሜጋቢት ይፈቅዳል። ጨለማና ፈጣን እንቅስቃሴ ደግሞ ብዙ ቢት ይጠይቃሉ፤ የእናቴ ፊት የተበተነውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አንዴ የተጨመቀው እንደገና ተጨምቋል። በየጭመቃው የሚጣል ዝርዝር አለ፣ የተጣለው ደግሞ አይመለስም።

ካሜራው እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል፣ ሙሉ አድርጎ እንደማያስቀምጥም ያወቅኩት ያኔ ነው። አንዱን ሙሉ ያስቀምጥና ከቀጣዮቹ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ኤዲት ሲደረግ ኮምፒውተሩ ያንን ሁሉ መልሶ መገጣጠም አለበት። እሷ ግን መጀመሪያ ፕሮሬስ ወደተባለ ለኤዲቲንግ የሚመች ኮዴክ ቀየረችው። ፋይሉ እጅግ ተለቀ፣ የኮምፒውተሬ ዲስክ ሞላብኝ ብላም ሳቀች። ግን ፍሬሙ ሁሉ በየራሱ የቆመ ስለሆነ እንደ ልብ ይቆረጣል። ወደ ኤምፔግ 2 የጨመቀችው በመጨረሻ፣ አንዴ ብቻ ነው። ሁለት ዙር አስኬደችው፤ በመጀመሪያው ዙር ሶፍትዌሩ የትኛው ትዕይንት ከባድ እንደሆነ ያያል፣ በሁለተኛው ቢቱን እንደየፍላጎቱ ያከፋፍላል።

ሁለት ዲስክ ወይም አጠር ያለ ፊልም ምረጥ አለችኝ። 90 ደቂቃ ላይ ተስማማን። ዋና ቅጂውን ዲስክ ላይ ከመጻፏ በፊት ደግሞ ደጋግሞ በሚጻፍበት ዲስክ አንድ ሙከራ ሰጠችኝና "በኮምፒውተር አትየው፣ የእናትህ ማጫወቻ ላይ ሞክረው" አለች። ይሄን ያህል የሚጠነቀቅ ባለሙያ አላጋጠመኝም። እውነቱን ለመናገር ቶሎ አትጨርስም፣ ችኩል ከሆናችሁ ትጣላላችሁ። የካሜራውን ፋይል ያጠፋችሁ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ተአምር እሠራለሁ አትልም።

አሁን ሻማው ሲጠፋ የእናቴ ፊት ፊት ነው። ስታጨበጭብ ቀለበቷ ሳይቀር ይለያል። ከተቆረጠው ውስጥ የኔ የ12 ደቂቃ ንግግር አለበት። እናቴ እስካሁን የት ሄደ ብላ አልጠየቀችም።