ኮምፓውንድ ወይስ ሪከርቭ? ወሎ ላይ ሆኖ ቀስት ለሚያስመጣ ሰው

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል ስልክና ጫማ ማዘዝ የቆየ ነው። አሁን አሁን ቀስት የሚያዙ ልጆች አሉ። ጥያቄያቸውም አንድ ነው። ባለ መዘውሩ ኮምፓውንድ ይሻላል ወይስ ጫፉ የታጠፈው ሪከርቭ?

የኔ መልስ እንደ ጠያቂው አድራሻ ይለያያል። አሜሪካ ኖሮ አጋዘን ለሚያድን ሰው ኮምፓውንድ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ሆኖ ለሚለማመድ ሰው ተፈታታች ሪከርቭ። ብዙዎች ፍጥነት ያወዳድራሉ፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለውን ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ አደን አንድ ነገር እንነጋገር። አሜሪካኖቹ በቀስት የሚያድኑት ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን እኛ አገር የለም። እኛ ያለን ድኩላ፣ ሰስና ሚዳቋ ነው። እነሱም የሕግ ጥበቃ አላቸው። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። የቦረና ሳይንት ፓርክ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ወሎ ላይ ቀስት ማለት የኢላማ ስፖርት ነው። አደኑ እዚያ ላላችሁ ነው፣ ያውም ፈቃድ አውጥታችሁ፣ በወቅቱ።

ወደ ዕቃው እንግባ።

ሪከርቭ ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ ቀስት ነው። መዘውር የለው፣ ብሎን የበዛበት አይደለም። በሳባችሁት ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። 40 ፓውንድ የሚባለውን እስከ አገጭ ስባችሁ ስትይዙ 18 ኪሎ ገደማ ጣታችሁ ላይ ነው። ሦስት አራት ሴኮንድ ቆይታችሁ ካልለቀቃችሁ ክንዳችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ኮምፓውንድ ይህንን ችግር ለመፍታት የመጣ ነው። ሚዙሪ ውስጥ ይኖር የነበረው ሆለስ ዊልበር አለን የፈጠራ መብቱን በ1966 እ.ኤ.አ. ጠየቀ፣ በ1969 አገኘ። በክንፎቹ (ከመያዣው በላይና በታች ባሉት ተጣጣፊ ክፍሎች) ጫፍ ላይ ያሉት መዘውሮች መሳቡ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ክብደቱን ይሸከሙላችኋል። 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ የሚስብ ቀስት 80 በመቶ የሚያቃልል ከሆነ፣ ጥግ ድረስ ስባችሁ ስትይዙ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 5 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ለአዳኝ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አጋዘኑ ዛፍ ኋላ ቆሞ አንድ እርምጃ እስኪራመድ ድረስ ስቦ መጠበቅ ይቻላል። በሪከርቭ እንዲህ መጠበቅ ለብዙዎቻችን የማይሞከር ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ሪከርቭ ፍላጻውን በሴኮንድ ከ50 እስከ 60 ሜትር ያስኬዳል። ጥሩ ኮምፓውንድ ወደ 90 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ አይካድም። ነገር ግን ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ይሄዳል። 30 ሜትር ላይ የቆመ አጋዘን የጅማቱን ድምፅ የሚሰማው ከሴኮንድ አንድ አስረኛ ባልሞላ ጊዜ ነው። የኮምፓውንዱ ፍላጻ ለመድረስ ሲሶ ሴኮንድ ይፈጅበታል፣ የሪከርቩ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ። በዚህ መሀል እንስሳው ጎንበስ ብሎ ለመፈትለክ ጊዜ አለው። «ፈጣን ቀስት ገዛሁ፣ ከሩቅ እመታለሁ» የሚል አዳኝ ሒሳቡን አልሠራም። ባለ ፈጣኑም ቢሆን ጠጋ ማለት አለበት።

አሁን ጥገናው። የኮምፓውንድ ጅማት ለመቀየር ክንፎቹን አጥፎ የሚይዝ ልዩ መጭመቂያ ያስፈልጋል። ጅማቱ ደግሞ በደንብ የሚሠራበት ከሆነ በሁለት ሦስት ዓመት ይቀየራል። አሜሪካ ያለ ሰው ወደ ቀስት ሱቅ ጎራ ይላል፣ ያሠራል፣ ይወጣል። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወዳጄ ጅማቱ ከመዘውሩ ላይ ወጣበት። በእጅ ለመመለስ የሞከረ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል፣ ጋራዥ ያለው ማሽንም ለዚህ አይሆንም። ቀስቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያምራል፣ እንግዳም ያደንቀዋል።

የሪከርቭ ጅማት ግን ቤት ውስጥ ይቀየራል። ለዚሁ የተሠራ ገመድ አለ። ሁለቱን የገመዱን ጫፎች በቀስቱ ጫፎች ላይ ታጠልቃላችሁ። መሀሉን በጫማችሁ ትረግጣላችሁ። መያዣውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ትስባላችሁ። ክንፎቹ ሲለጠጡ በሌላው እጃችሁ ጅማቱን እያንሸራተታችሁ ጫፉ ላይ ያለው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ታስገባላችሁ። አለቀ። ይህን ገመድ ማዘዝ አትርሱ፤ በጉልበት እያጠፉ ማስገባት ክንፉን ያጣምመዋል።

ተፈታታቹ ሪከርቭ ሌላም ጥቅም አለው። ሳሚክ ሴጅ የሚባለውን ሞዴል ብንወስድ፣ 62 ኢንች ነው፣ ክንፎቹ በእጅ በሚዞር ብሎን ይፈታሉ። ከ25 እስከ 60 ፓውንድ ያሉ ክንፎች አሉት። በ25 ጀምራችሁ ስትጠነክሩ ክንፉን ብቻ ማስመጣት ነው። ሲፈታ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የሚሄደው በሚጫን ሻንጣ ነው፤ ቀስትም ፍላጻም እጅ ላይ ተይዞ አውሮፕላን አይገባም። ዘመዳችሁም ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ጉምሩክን ይጠይቅ። ቦሌ ደርሶ ከመከራከር ይሻላል።

የምንፈልገው ኮምፓውንድ ነው ካላችሁ ግን ሰፊ ማስተካከያ ያለውን ምረጡ። ቤር ክሩዘር ጂ3 ከ10 እስከ 70 ፓውንድ፣ ዳይመንድ ኢንፊኒት ኤጅ ፕሮ ከ5 እስከ 70 ፓውንድ ይስተካከላሉ። የመሳቢያ ርዝመታቸውም፣ ማለትም ጅማቱ ተስቦ የሚደርስበት ርቀት፣ እንደ ሰውየው ይቀየራል። ሁለቱም ለጀማሪ ይሆናሉ፣ በመሀላቸው እንቅልፍ የሚያሳጣ ልዩነት የለም። ርዝመቱን ለማወቅ እጃችሁን ግራና ቀኝ ዘርጉ፣ ከጫፍ ጫፍ አስለኩ፣ ለ2.5 አካፍሉ። 175 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70 ይመጣል፣ ማለትም 27 ኢንች ተኩል ገደማ። ኮምፓውንድ በአንድ ሰው ልክ የሚስተካከል ስለሆነ ወንድምና እህት ተጋርተው ሊተኩሱበት ያስቸግራል። ሪከርቩ ቤተሰቡን ሁሉ ያስተናግዳል።

ክሮስቦው? ለመማር ቀላል ነው፣ ግን ከባድ ነው። እንደ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ተደግፎ የሚተኮስ ነገር ለፈታሽ ማስረዳትም አድካሚ ነው። ይለፈን።

ክብደት ላይ ወንድነት አያስፈልግም። ለሪከርቭ ጀማሪ ከ20 እስከ 25 ፓውንድ በቂ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ቀስቱን ወደ ሰማይ ሳታነሱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ መሳብ ካቃታችሁ ከብዷችኋል። ለአጋዘን አደን ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከ30 እስከ 40 ፓውንድ ዝቅተኛ ልክ ያስቀምጣሉ። እዚያ መድረስ ይቻላል፣ አብሽሩ።

ፍላጻ ስትመርጡ የኛን መሬት አስቡ። ካርቦን ቀላልና ቀጥ ያለ ነው። ድንጋይ ሲመታ ግን ሳይታይ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ካርቦን ደግሞ ሲተኮስ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ጆሯችሁ አጠገብ ቀስ አድርጋችሁ አጥፉት፤ ከተንቋቋ ጣሉት። አሉሚኒየም ሲጎዳ ይጣመማል፣ ጉዳቱም በዓይን ይታያል። ለጀማሪና ለድንጋያማ ሜዳ እኔ አሉሚኒየም እመርጣለሁ። ፍላጻው ለቀስቱ በጣም ቀላል እንዳይሆንም ተጠንቀቁ። ለኮምፓውንድ የተለመደው ዝቅተኛ ልክ ለአንድ ፓውንድ 5 ግሬይን ነው። ለ60 ፓውንድ ቀስት 300 ግሬይን፣ ወደ 19 ግራም ተኩል መሆኑ ነው። ስለታም የአደን ጫፍ ወሎ ድረስ አታስመጡ፣ ምንም አይሠራላችሁም። አሜሪካ ያላችሁ፣ ቀስታችሁ ጉልበቱ አነስተኛ ከሆነ የማይንቀሳቀስ ስለት ያለውን ውሰዱ። ሲመታ የሚከፈተው ዓይነት ለመከፈት ጉልበት ይበላል።

ልምምድ ላይ መጀመሪያ ቦታው። ከኢላማው ኋላ የአፈር ግድግዳ ይኑር። የእግር መንገድም፣ እረኛ የሚያልፍበት ጥግም መሆን የለበትም። ከ3 እስከ 5 ሜትር ሆናችሁ አቋምና አለቃቀቅ ብቻ ተለማመዱ፣ ነጥብ አትቁጠሩ። ከዚያ ራቅ በሉ። አዳኞች የአጋዘኑን ልብና ሳንባ በ20 ሴንቲ ሜትር ክብ ያስሉታል፣ አንድ ስንዝር ማለት ነው። ፍላጻዎቻችሁ በሙሉ ስንዝር ውስጥ የሚገቡበት ርቀት የእናንተ ርቀት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ጉራ ነው።

ተዳፋት ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል። ጦሳ ተራራ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታልሙ ፍላጻው ከጠበቃችሁት በላይ ይመታል። የሚቆጠረው በዓይን የሚታየው ርቀት ሳይሆን አግድሙ ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 30 ሜትር ላይ ያለውን ኢላማ እንደ 26 ሜትር ቆጥራችሁ ምቱ። ለአዳኝም ጠቃሚ ልምምድ ነው፣ እነሱም ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ወጥተው ወደ ታች ነው የሚተኩሱት።

ቡና ሊጠጣ የመጣ እንግዳ ሁሉ «እስኪ ልሞክረው» ማለቱ አይቀርም። ስጡት፣ ግን ፍላጻ ሳይደግን ስቦ እንዳይለቅ። ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ክንፎቹ ይመለሳል፤ ሪከርቩ ሊሰነጠቅ፣ ኮምፓውንዱ መዘውሩና ጅማቱ ሊበታተን ይችላል። ያገለገለ ቀስት የምትገዙም ባለቤቱን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ባዶውን ተለቆ ያውቃል ወይ? ከዚያ ጅማቱን እዩ። ፀጉር ካወጣ ከዋጋው ላይ የአዲስ ጅማት ሒሳብ ቀንሱ። ክንፉ ላይ በጥፍር የሚሰማ ስንጥቅ ካለ ግን በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ።